አንዲት ቀይ ነጥብ በፈላና በር

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዛሬ ማለዳ አልጋዬ ከእኔ ቀድሞ ነቃ። መጀመሪያ ሚስቴ ልደት የምትነቀንቀኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨና ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ጸጥ አለ። «መኪና ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። እኛ ሰፈር አህያ ከነጭነቷ ከመጣች ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያሳልፋት። የምን መኪና?

ስልኬን ከፈትኩ። ካርታው ላይ አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ ክቦች ተደራርበዋል፤ ትንንሾቹ ቢጫ፣ ትልልቆቹ ቀይ። ስንት ዓመት ስምጥ ሸለቆን በጠመኔ እየሣልኩ «መሬት እዚህ ጋ እየተለያየች ነው» ብዬ አስተምሬያለሁ። ስትለያይ ሰውነቴ ላይ ሲሰማኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። የጂኦግራፊ መምህር ምን ጊዜም ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ዛሬ ወሬው ቤቴ መጣ።

ደስታዬ እስከ ቁርስ ብቻ ቆየ። እናቴ ክፍል ስገባ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከጣሪያው ማዕዘን ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። የፀጉር ያህል ነው። ግድግዳው ከጎረቤታችን ከጀማል ጋር የምንጋራው የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው፤ በዚህ በኩል የእናቴ ክፍል፣ በዚያ በኩል የእነሱ ሳሎን። ስንጥቁ ትናንት አልነበረም። ልደት «ሰንብቷል እኮ» ትላለች። ለእሷ ሁሉም ነገር ሰንብቷል።

ታኅሣሥ 22

ዳዊት ከአዲስ አበባ ደወለ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን እኔ ጠመኔ ይዤ ስቀር እሱ ርዕደ መሬት ማጥናት ውስጥ ገባ። እዚህ ሐረር ላይ ሰው ምን ያህል እንደተሰማው የሚጠይቅለት ይፈልጋል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰዎት? የተሰቀለ ዕቃ ተወዛወዘ? ግድግዳ ተሰነጠቀ? መልሱ ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። ምንም ካልተሰማ አረንጓዴ፣ ዕቃ ካንቀጫቀጨ ቢጫ፣ ቤት ከጎዳ ቀይ። ነጥቦቹ ሲበዙ መሬቱ የት ጋ ክፉኛ እንደተንቀጠቀጠ ይታያል አለኝ።

ስንጥቁን ነገርኩት። በስንጥቁ ላይ አግድም ጥቂት ጄሶ ለጥፈህ ቀን ጻፍበት፤ ጄሶ አይለጠጥም፣ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል አለ። ወዲያው ለጠፍኩ። የከተማውን ካርታም በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ሳሎን ሰቀልኩ። የመጀመሪያዋን ቀይ ነጥብ በራሴ ቤት ላይ አደረግሁ።

ታኅሣሥ 24

ከትምህርት ቤት በኋላ አቦከር፣ ከዚያ ከድሮው የከተማ ቅጥር ውጭ አዲሱ ከተማ፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ ጀጎል፣ ወደ ሰፈሬ። ሰው እንዴት ይዋሻል! አንዷ በሩን ገርበብ አድርጋ «ልታፈርሱብን ነው?» አለችኝ፤ ምንም አልተሰማንም ብላ ዘጋችው። የሚያከራይ ሁሉ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ኮንዶሚኒየም የሚጠብቅ ሁሉ ቤቱ ሊወድቅ ደርሷል። ማንን ልመን?

ይበልጥ የገረመችኝ የጀማል ሚስት ፈቲያ ናት። ሳሎኗ እንደ ሐረሪ ቤት ሁሉ ግድግዳው በሣህንና በስፌት የተሞላ ነው። ከዚያ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ መሬት ከተነቃነቀች ሣህኖቹ ይንጫጫሉ። «ወላሂ አንዱም ድምፅ አላሰማ፤ እኔ ለሱብሒ ሶላት ነቅቼ ነበር» አለችኝ። የእኔ ግድግዳ በዚህ በኩል ተሰንጥቆ፣ በዚያው ግድግዳ በዚያ በኩል ሣህን ድምፅ አላሰማም? ከሁለት አንዱ ይዋሻል፤ ግድግዳው ደግሞ አይዋሽም።

ስወጣ ጀማል በር ላይ አገኘኝ። ቀና ብሎ ጣሪያዬ ላይ ያለውን የውኃ ሮቶ አየና «እንደሻው አቦ፣ ይሄ ነገር አልከበደም?» አለኝ። ሳቅሁበት። ሮቶውን የሰቀልኩት ኅዳር ላይ ነው። እናቴ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ኮብልስቶኑ አንሸራቷት ዳሌዋን ከተጎዳች ወዲህ ሁለተኛ ጀሪካን እንዳትነካ ማልኩ። ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚስተካከለው የለም። የብረት መቆሚያው ያረፈው በጋራ ግንቡ ላይ ነው፤ ከእሱ የጠነከረ ነገር ቤታችን ውስጥ ስለሌለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ያለው ሰው ዓይን ይበዛበታል። ጀማልም ሰው ነው፤ አልፈርድበትም።

ታኅሣሥ 27

ውኃ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሞላ። ጠዋት ጄሶው ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስልኩ ላይ ፈንታሌ ዝም ብሏል። እንዴት? ከግድግዳው ማዶ ዱብ፣ ዱብ የሚል ነገር አለ። ክፍል ልገባ ነው፣ ማታ እጽፋለሁ።

አልጻፍኩም፤ ደከመኝ።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። እነጀማል እንደ ልማዳቸው ጣፋጩን ሙሸበክ ይዘው መጡ። ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ለገና እነሱ ይመጣሉ፣ ለኢድ እኛ እንሄዳለን። ጀማል ግን እንደ ድሮው ሳሎን አልተቀመጠም። «እማማን ልይ» ብሎ ቀጥታ እናቴ ክፍል ገባ። ተከተልኩት። እጇን ይዞ ያወራታል፣ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ለካው። ስገባ ወሬያቸውን ቀየሩ። እናቴ «ስለ ብርዱ እያወራን ነው» አለች። በሐረር የምን ብርድ?

ጥር 4

ካርታውን ፎቶ አንሥቼ ለዳዊት ላክሁለት። ደወለና ሳቀ። ከተማው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ጣል ጣል ብሎበት፣ ሰፈሬ፣ ፈላና በር ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ የኔው። እንዲህ ያለ ካርታ አይቼ አላውቅም አለኝ።

«እንደሻው፣ ርዕደ መሬት ቤት መርጦ አይገባም። ጎረቤቶችህ ሁሉ ደህና ሆነው አንድ ቤት ብቻ ከተሰነጠቀ፣ መሬቱን ተውና ቤቱን ጠይቅ።»

ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ግሎ ነበር። ፈንታሌን በመስኮቱ የሚያይ ይመስል! ግን ስብሰለሰልበት አመሸሁና ልክ መሆኑን አመንኩ። መሬት ካልሆነ ሰው ነው። አንድ ሰው ከግንቡ ሥር እየቆፈረ ነው። ዱብ ዱብ የሚለው እሱ ነው። ጀማል የከርሰ ምድር የውኃ ጋን የማስቆፈር ሐሳብ እንዳለው አምና ራሱ ነግሮኛል። ሮቶ ሲያይ ልቡ የሄደውም ለዚህ ነው፤ እኔ ወደ ላይ ሰቀልኩ፣ እሱ ወደ ታች ይቆፍራል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

አብረን አፈር አቦክተን ያደግን ሰው ነው። እንዲህ ማሰቤ ራሴን አስጠላኝ። ማሰቤን ግን አልተውኩም።

ጥር 9

ጀማል አመሻሹ ላይ ወፍራም የባሕር ዛፍ አጠና አስገባ። በጋሪ አምጥቶ ከበሩ ራሱ ተሸከመ። ሲያየኝ ሰላም አለኝ፣ ግን አልቆመም። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው አፈሩ እንዳይናድ በእንጨት ይደግፋል። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። በዋዜማው ውኃ መጥቶ ሮቶውን ሞላሁ። በማግስቱ ከታቦት ሽኝት ስመለስ አዲሱ ጄሶም ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል።

አንድ ሌላ ነገርም አስተውያለሁ። ውኃ በሚመጣ ቀን እናቴ ጀማል ቤት ናት። ፈቲያ መጥታ ክንዷን ይዛ ትወስዳታለች፤ ግቢያቸው ውስጥ ጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ አንዳንዴም እዚያው አድራ ትመጣለች። ከውኃ ቀን ውጭ አትሄድም። ምን ይሆን የሚያወሩት? ልደትን ብጠይቃት «ለመጫወት ነዋ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሽንኩርቱ ሳይሆን እኔ ያስለቀስኳት መሰለኝ።

ጥር 18

ዛሬ እናቴን አልጋዋን ወደ ሳሎን እናውጣው አልኳት። ግድግዳው እያስፈራኝ መጣ። የሚያሳስበኝ ቤቱ አይደለም፤ ራስጌዋ ነው። እናቴ ጽጌ ግን ጽጌ ናት።

«አባትህ የሞተው እዚህ ክፍል ነው። የትም አልሄድም።»

«ግድግዳው ቢወድቅብሽስ?»

«ለምን ይወድቃል? አንተ ምን አደረግኸው?»

ምን ማለቷ ነው? እኔ ምን አደረግሁት? ሰው ሁሉ በአንድ ጎን ቆሞ እኔ ብቻ በሌላው የቀረሁ መሰለኝ። ልጇን ትታ ከጎረቤት ጋር ትሾካሾካለች። ተናድጄ ወጣሁ፤ በሩን ስዘጋ ደግሞ ከስንጥቁ አፈር ረገፈ። ከዚያ ወዲህ በሩን በእጄ ይዤ ነው የምዘጋው።

ጥር 25

ውኃ ከጠፋ ሰነበተ። ሮቶው ደርቋል፤ ሲነኩት ከበሮ ሆኗል። ልደት ከቦቴ በጀሪካን ታስቀዳለች።

ጄሶው ግን ደህና ነው! ስንጥቁ እንዲያውም የጠበበ መሰለኝ። ሳንቲሙ አልገባም አለ። ጀማል መቆፈሩን ትቷል ማለት ነው። ዓይኔ እንዳረፈበት ገብቶታል። ሰሞኑን ሆን ብዬ በሩ ላይ ስቆም ነበር።

የካቲት 1

አመሻሹ ላይ ፈንታሌ በደንብ ነቀነቀን። አምፖሉ ተወዛወዘ፤ ሰው ወደ ፈላና በር አደባባይ ወጣ። ፈቲያ ከበሯ ሆና ሣህኖቿ ሁሉ እንደተንጫጩ፣ አንዱ ወድቆ ጠርዙ እንደተላጠ ነገረችኝ፤ ጻፈው አለችኝ። ቢጫ አደረግኋት።

ሮጬ እናቴ ክፍል ገባሁ። ጄሶው ላይ መሥመር እንኳ የለም።

ስለዚህ ርዕደ መሬቱ ነፃ ወጣ። ዳዊት ልክ ነበር። እንዲህ መሬት ተንቀጥቅጣ ያልሰነጠቀችውን ጄሶ፣ መሬት ባረፈችበት ቀን የሚሰነጥቀው ሰው ነው። ከእንግዲህ ጥርጣሬ አልለውም፣ እውቀት ነው።

የካቲት 4

ውኃ መጣ፤ በኃይል። ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ ፈሰሰ። ግድግዳው ሲያቃስት በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ የኖራ ልስኑ እንዳለ ተገንጥሎ እናቴ ትራስ ላይ ወደቀ።

ጀማል ቤት ነበረች። አልነበረችበትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልነበረችበትም።

ትራሱን አራግፌ ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። እናቴን ሊገድላት ነው።

የካቲት 6

ቀበሌ ሄድኩ። ጎረቤቴ ያለ ፈቃድ ከጋራ ግንብ ሥር ይቆፍራል አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ጀማል? የኛው ጀማል?» አለችኝ። አዎ፣ የኛው። የግንባታ ተቆጣጣሪ እንልካለን አሉ።

ቤት ገብቼ ካርታው ላይ የፈቲያን ቢጫ በቀይ ፓርከር ደፈንኩት። በዚህ ካርታ ላይ የሰው ሥራ የሚገባበት ቀለም የለም፤ ቀይ ይበቃዋል። ለዳዊትም ላክሁለት። ልደት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። «እንደሻው፣ አንድ ነገር ልንገርህ...» አለች። አሁን አይደለም አልኳት። ሁልጊዜ ልትጀምር ስትል እንዲህ ነው የምላት፤ ዛሬ አስተዋልኩት።

የካቲት 10

ከበሩ ማዶ ፈቲያ ለልደት «እስካሁን አልነገርሽውም?» ስትል ሰማሁ። ልደት ምን እንዳለቻት አልተሰማኝም። ስወጣ ሁለቱም ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመሩ።

ሚስቴም ታውቃለች! ጉድጓዱን ታውቃለች፤ አፏን የያዘችው ምን ቃል ቢገቡላት ነው? ከጋኑ ውኃ ሊያካፍሉን? ራት ሳልበላ ተኛሁ። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ናት፤ መተኛቷንም እጠራጠራለሁ።

የካቲት 15

እነጀማል ቤታቸውን ኖራ እየቀቡ ነው። ሐረሪ ለረመዳን ቤቱን እንደሚያድስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነን ባልዲውን እኔም ይዤ አውቃለሁ። ግን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል? ኖራ ስንጥቅ ይሸፍናል። ማን ነገራቸው? ቀበሌ ውስጥም ሰው አላቸው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሁዳዴ ትናንት ገባ። ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ መተኛት አልችልም፤ መጻፉም አይቀልም።

ተቆጣጣሪው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ወረቀቱን በብብቱ የያዘ፣ ቸኩሎ የሚራመድ ሰው ነው። የጀማልን በር አንኳኳን። ፈቲያ ስታየን መቀነቷን አጥብቃ «ግቡ» አለች፤ ለምን መጣችሁ አላለችም። ጀማል እጁ ኖራ እንደሆነ ከግቢው መጣ። እኔን አየኝ፣ ሰውየውን አየ፣ ገባው። ጫማችንን አውልቀን ሳሎኑ ገባን። ከገና በፊት ጀምሮ ይህን ደፍ አልረገጥኩም ነበር።

ወለሉ ደህና ነው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ ቁፋሮ ቀርቶ ጭረት የለም። የጋራ ግንቡ ላይ የነበሩት ሣህኖችና ስፌቶች በሙሉ ወርደዋል፤ ባዶ ምስማሮች ብቻ። የግንቡ ሆድ ወደ እነሱ ሳሎን ተገፍቷል። ሆዱ ላይ ጣውላ ተጋድሞበታል፤ ጣውላውን ያ የባሕር ዛፍ አጠና ከወለሉ ተነሥቶ ደግፎ ይዞታል። ጫፉ እየተመታ የገባበት ሽብልቅ ይታያል። ዱብ፣ ዱብ።

ተቆጣጣሪው «ጉድጓዱ የታል?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ግንቡን በመዳፉ ዳበሰ። «ይሄ ከላይ ሸክም አለበት። ምንድን ነው የተጫነው?»

ፈቲያ መሬት መሬቱን አየች። ጀማል ሊናገር ይችል ነበር። ጣቱን ወደ ላይ ብቻ ቢቀስር ይበቃ ነበር፤ ያለ ፈቃድ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ የከሰስኩትም እኔ ነኝ።

«የድሮ ግንብ ነው» አለ። «ዘንድሮ ደግሞ መሬቱም አላስቀመጠን። እናድሰዋለን ኢንሻአላህ፣ ከመምህሩ ጋር ተስማምተናል።»

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ፣ እኔን ገላምጦኝ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ሳሎኑ የቤታቸው ዋና ክፍል ነው፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ የሚበሉበት፣ የሚተኙበት። ከጥር ጀምሮ ለእኔ ግንብ ለቀውት ጓዳ ተጠጋግተው ኖረዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነገርኩህ እኮ አቦ። ከበደ አልኩህ፣ ሳቅህብኝ።» ኖራውን በሱሪው ጠረገ። «ለልደት ነገርናት። ለእማማም ነገርናቸው። ‹ለእኔ ብሎ ነው የሰቀለው። ይህን ከሚሰማ ግድግዳው በላዬ ቢወድቅ ይሻለኛል፤ አትንገሩት› አሉን። አስማሉን። ምን እናድርግ? በታኅሣሥ በቀጭን እንጨት፣ ኋላ በዚህ ደገፍነው።»

ፈቲያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ ውኃ ሲመጣ እማማ እዚያ እንዳያድሩ እሷ ልታመጣቸው ከእሳቸው ጋር መስማማቷን ነገረችኝ።

ቤቴ ገብቼ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልኳት። ራሴን ደባበሰችኝ፤ እኔም ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። «እኔስ ሆዴም አላወቀም ነበር» ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አነሣሁ። አልጻፍኩትም።

የካቲት 19

ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሮቶውን መክፈቻ ለቀቅሁት። እናቴን አስቀድሜ እነጀማል ግቢ አስቀምጫታለሁ። ውኃው በአሸንዳው ወርዶ መንገዱን ያዘ፤ በኮብልስቶኑ እየተንደረደረ ወደ ፈላና በር ሄደ። ከተማው ከተጠማ ሰንብቷል። ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ከየበሩ ወጡ፤ ቧንቧው የፈነዳ መስሏቸው ነበር። ኋላ እኔን ጣሪያ ላይ ሲያዩ ምርቃቱን አወረዱት። «እግዜር ይስጥልን መምህር።» «አላህ ይጨምርልህ።» በሕይወቴ እንደዚያ ተመርቄ አላውቅም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

ጀማልም ጀሪካን ይዞ መጥቶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቀዳ፣ ቀና ብሎ አላየኝም፣ ገባ።

ሮቶውን ጎረምሶች በገመድ አወረዱልኝ። ግቢው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጧል። እናቴ በከዘራዋ ሄዳ ራሷ ቧንቧውን ከፍታ እጇን ታጠበች። ላይ በነበረ ጊዜ እኔን ትጠራ ነበር። «ዱሮም እዚህ ቢሆን እኮ» አለች።

የካቲት 21

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ሁለቱንም ቀይ አጥፋቸው አልኩት። የጎረቤቴ ቢጫ ነው፣ የካቲት አንድ የነገረችኝ። የእኔ ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። ምክንያቱን ጠየቀኝ።

«ውኃ» አልኩት።

ዳዊት ሞኝ አይደለም። ሌላ አልጠየቀኝም።

ሳሎን ያለው ካርታ ግን ችግር ሆነብኝ። ፓርከሩ አይለቅም፤ በአልኮል ብፈትገው ወረቀቱ ሊቀደድ ሆነ። በጀማል ቤት ላይ ጄሶ ለጠፍኩበት። ልደት አይታ «ካርታውም ተሰነጠቀ?» አለችኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን። ከዚያ ልትነግረኝ የነበረውን ሁሉ ነገረችኝ፤ እስክትጨርስ አላቋረጥኳትም።

የካቲት 26

ረመዳን ገብቷል። ዘንድሮ እኛም እነሱም ጾም ነን፤ ሰፈሩ ቀን ቀን ጸጥ ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ፈንታሌ ቀስ ብሎ ነቀነቀን። ፈቲያ ሣህኖቿን ከመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። በግቢው ላይ ተጣርታ «መምህር፣ ተንጫጭተዋል፤ አልወደቁም። ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ። የምትለኝን እንደምትለኝ ጻፍኩ። እናቴ ክፍል ያለው ጄሶ ደህና ነው።

ሊያፈጥሩ ሲሉ በሩ ላይ ጀማልን አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ በተቆጣጣሪው ማግስት፣ ሽማግሌ ሳይኖር፣ ቆመን። «አልፏል» ብሎኛል። አላለፈም። አንድ ግንበኛ አይቶት ሸክሙ ስለወረደ ይቆማል ብሏል፤ ከፋሲካና ከኢድ በኋላ አብረን እናስጠግነዋለን ብለናል። እንጨቱ ግን አሁንም እንደቆመ ነው፤ በረመዳን እንኳ ሳሎን የላቸውም።

«እንጨቱን ለምን አታነሡትም?» አልኩት። «ግንቡ እኮ ሸክም የለበትም።»

ፎጣውን ከትከሻው አወረደና ወደ ጣሪያዬ አየ። ባዶ ነው። አሁንም አየ።

«ግንቡን አምኜዋለሁ» አለኝ። «አንተን ገና ነኝ።»

ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝም። ከኪሴ የቀረውን ጄሶ አውጥቼ፣ በእናንተም በኩል አንድ ልለጥፍና ቀን ልጻፍበት አልኩት። አዛኑ ተሰማ። እጁን ዘረጋ።

«እኔው እለጥፈዋለሁ፤ ጄሶውን ብቻ ስጠኝ» አለ።

ሰጠሁት።